የዝምተኛው ዘረመል ባኒጻ

ውድ ሌሊያ ዳፊንካ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም። ስልክ ደውዬ በጠየቅሁዎት ቁጥር መልስዎ አንድ ነው፤ «እኔን ተይኝና ፍየሎቼን ጠይቂ።» እንግዲያው ፍየሎቹ እንዴት ናቸው? ያቺ ቀንዷ የተሰበረው የጎረቤት ጎመን መብላቷን ተወች? ደግ። አሁን ምድጃው ላይ የጣዱት ካለ ያውርዱ፣ መነጽርዎን ያድርጉ፣ ወንበር ስበው ይቀመጡ። በስልክ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን የመንደርዎ ስልክ ግማሹን ቃል ይበላዋል፣ የቀረውን ደግሞ እርስዎ «እሺ እሺ፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ይኼ ነገር ደግሞ ግማሹ የሚበላ አይደለም።

ዝምተኛው ተናገረ።

አዎ፣ የኛው ዝምተኛ! የዶክትሬቴ ዘረመል። እርስዎ ስም ያወጡለት፣ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ተናገር እያልኩ የለመንኩት፣ በእርሱ ሰበብ «ሌሊያ አላውቅም»፣ አክስት አላውቅም፣ እያሉ ከወንበርዎ ያስነሡዎት። ወደ ሮዶፒ ተራራ ከገቡ ወዲህ ስለ ሥራችን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ቃሪያ የሚለውን ቃል ሳነሣ ወሬ ይቀይራሉ። እንደከፋዎት አውቃለሁ፤ ዕድሜዎን ያፈሰሱበት ሥራ ስንፍና ተብሎ እንደተሸኘ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ወሬ መቀየር የለም። ደብዳቤ አይቋረጥም።

መጀመሪያ ወደ ቢሮው የመጣሁበት ሳምንት ትዝ ይልዎታል? እኔ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነው፤ ያላወቅሁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራውም ቀላል መሰለኝ። ቃሪያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች አሉ፤ አንዱ ፍሬውን ያቀላል፣ አንዱ ሥሩን ውሃ ወዳለበት ይመራል፣ አንዱ ሻጋታ ሲመጣ ይዋጋል። እኛ ደግሞ ዓለም ስለ እያንዳንዱ የጻፈውን እያነበብን በየሥራው እንመድባለን፤ ይኼ የቀለም፣ ይኼ የሥር፣ ይኼ የበሽታ እያልን፣ ከሥሩ ስማችንን እየፈረምን። መዝገቡን የትም አገር ያለ ተመራማሪ ከፍቶ ያየዋል። ምን ይከብዳል? ብዬ ቁጭ አልኩ።

ኮምፒውተሩ አንዱን ዘረመል ከዝንብ ዘረመል ጋር ይመሳሰላል አለኝ። የዝንቡ ምን ይሠራል? ዝንቧ ስትፈጠር ልቧን ይሠራል። እኔም የዋህ፣ የቃሪያውን ዘረመል «ልብን የሚሠራ» ብዬ መደብኩና ፈረምኩ። እርስዎ አነበቡት። ተነሥተው ግሪንሃውስ ገቡና አንድ ቀይ ቃሪያ ቀጥፈው ተመለሱ፤ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«ስሚ እስቲ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የልቡን ትርታ ነዋ! ልብ አለው ብለሽ ፈርመሽ የለም እንዴ?»

የኮምፒውተር ሰራተኛችን ኦግኒያን ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ኧረ ሐኪም ጥሩ!» እያለ ይጮሃል። «ቃሪያዋን ልቧን አሟታል! ደም ግፊቷን ለኩላት!»

ያን ቀን ነው የባኒጻን ሕግ የሰማሁት። መደቡ ስህተት ሆኖ የወደቀበት ሰው አርብ ጠዋት ለቢሮው በሙሉ ባኒጻ ጋግሮ ይመጣል። የተገዛ አይቻልም፤ ሊጡን በገዛ እጅ ዳምጦ፣ አይቡንና እንቁላሉን በገዛ እጅ መትቶ። «ይኼን ሕግ ማን አወጣው?» ብዬ ተቆጣሁ። «እኔ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ከዚያ በጣትዎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ክብ ትሪ አሳዩኝ። «ያ ደግሞ የኔ ትሪ ነው። የኔ ተራ የደረሰ ቀን በእርሱ እጋግራለሁ።» ትሪው አቧራ ለብሷል። ኦግኒያን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እኔ እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ወርዶ አያውቅም» አለኝ።

የመጀመሪያዋ ባኒጻዬ ከታች አርራ ከላይ ጥሬ ነበረች። ኦግኒያን በሹካው ገለባብጦ አያትና «ይቺስ ከየትኛው መደብ ናት? ከምግብ ወይስ ከጫማ ሶል?» አለ። እርስዎ ግን ሁለት ቁራሽ በሉ። ሁለት! ከዚያ አጠገብዎ አስቀምጠው እሳቱን መቼ መቀነስ እንዳለብኝ፣ ውሃውን መቼ እንደምረጭበት ነገሩኝ። ዛሬ በሰፈሬ የኔ ባኒጻ ይወራለታል። የሚያደንቁኝ ጎረቤቶቼ ስንት ዘረመል አበላሽቼ እንደተማርኩት አያውቁም።

ያስተማሩኝ ግን ባኒጻ ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ መደብ ጎን «እንዴት ታወቀ?» የሚል ቦታ አለ። ወይ «በሙከራ ታይቷል» ይባላል፣ ወይ «ከሌላ ጋር ስለሚመሳሰል» ይባላል፣ ወይ ደግሞ «ተፈልጎ አልታወቀም»። እኔ ይቺን ሦስተኛዋን የሰነፍ መውጫ አድርጌ ነበር የማያት። እርስዎ ግን ከሁሉም የሚደክሙት ለእርሷ ነበር። አንዱን ዘረመል «አልታወቀም» ለማለት ሳምንቱን ሙሉ ያነባሉ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ምን ምን ተሞክሮ ምን እንደታጣ ከሥሩ ያሰፍራሉ። «ይኼ ሁሉ ለባዶ?» ስልዎት «ከኋላሽ የሚመጣው ሰው እኛ የት የት እንደፈለግን ካላወቀ መልሶ እዚያው ነው የሚፈልገው፤ ምስኪን!» አሉኝ። ያንን ሰው ሳያውቁት ያዝኑለት ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ነገር ፈልጌ ጠየቅሁዎት። «ሌሊያ፣ 'አልታወቀም' ያሉት ዘረመል አንድ ቀን ሥራው ቢታወቅስ? መደብዎ ወደቀ ማለት አይደል? ያኔስ ባኒጻ ይጋግራሉ?»

መነጽርዎን አውልቀው ሳቁ። «ያን ቀንማ ምድጃዬን ሮጬ ነው የምለኩሰው! ደግሞ በቅቤ!»

ይቺን ነገር አይርሱብኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ዝምተኛው መጣ። አለቃችንና የዶክትሬት አማካሪዬ ፕሮፌሰር ባሌቭ ናቸው የሰጡኝ። ዘረመሉን ያጠፋንባቸውን ቃሪያዎች ካልተነኩት ጎን እተክላለሁ፤ ልዩነት ከታየ ያ ልዩነት የዘረመሉን ሥራ ይነግረናል። ቢበርዳቸው አንድ ናቸው። ቢሞቃቸው አንድ ናቸው። ጨለማ ውስጥ ዘጋሁባቸው፣ ሻጋታ ረጨሁባቸው፤ ያው ናቸው። ልጅ እንኳ መንታዎችን በአንድ ነገር ይለያቸዋል፤ እኔ ግን የተከልኳቸውን ቃሪያዎች ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ከወደቀ መለየት አቃተኝ። እርስዎ በየጠዋቱ የሻይ ብርጭቆዎን ይዘው ይመጣሉ። «ዛሬስ ተናገረ?» «ዝም።» «ተዪው፣ ዝምተኛ ነው።» ስሙ በዚያው ቀረ። በመጋቢት መባቻ ሁላችንም እጃችን ላይ የምናስረውን ቀይና ነጭ ክር ለእርሱም አሰሩለት፤ የተተከለበት ማሰሮ ላይ። «ዓመቱ ይቅናው፤ እርሱም የቢሮው ሰው ነው» ብለው።

ፓዛርጂክ ያለችው እናቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«እና ያ ቃሪያሽ ምን ይሠራል?»

«አናውቅም እማዬ።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ለእርስዎ ስነግርዎት በሳቅ ሞቱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር ሌሊያ። ውሌ ሊያልቅ ነው። ዶክትሬቱን ካልያዝኩ ቢሮው ውስጥ ቦታ የለኝም፤ ከዚያ በኋላ ዕጣዬ የአጎቴ ዘር መሸጫ ሱቅ ገብቶ በከረጢት ዱባ ፍሬ መመዘን ነው። ይኼን ሥራ እወደው ነበር። ከእርስዎ ጠረጴዛ ፊት ለፊት መቀመጡን ደግሞ ከሥራውም በላይ እወደው ነበር፤ አልነገርኩዎትም እንጂ።

ፕሮፌሰሩ ሁለታችንን አስጠሩን። ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፣ መዝገቡ ውስጥ «አልታወቀም» የሚለው በዝቷል፣ ያሳፍራል አሉ። «የራሊጻ ዘረመል ከቲማቲም ዘረመል ጋር ይመሳሰላል። የቲማቲሙ 'ብርድን የሚቋቋም' ተብሎ ተመድቧል። የእርሷም እንደዚያው ይጻፍና ልጅቷ ትመረቅ፤ ምንድነው ችግሩ?» ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያን ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። እርስዎ ግን «እስቲ እንየው» ብቻ ብለው ወጡ።

ከዚያ የሆነውን ለስንት ሰው ተርኬዋለሁ መሰለዎት! ጠረጴዛዎ ላይ ሦስታችን ተደፍተናል፣ ኦግኒያን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦውን እየገመጠ። ቲማቲሙን ከፈቱት። እንዴት ታወቀ? «ከድንች ጋር ስለሚመሳሰል» ይላል። ድንቹን ከፈቱት። እንዴት ታወቀ? «ከትምባሆ ጋር ስለሚመሳሰል።»

«ወይ ጉድ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሊጠራ ነው» አለ ኦግኒያን።

ትምባሆውን ከፈቱት። እጅዎ እዚያ ላይ ቆመ። «ከቃሪያ ጋር ስለሚመሳሰል» ይላል። የማን ቃሪያ? የኛ። የትኛው ዘረመል? ዝምተኛው! እርስዎ ወደ ቢሮው ከመምጣትዎ በፊት ኮምፒውተር ገምቶ የጻፈው፣ ኋላም ከኛ መዝገብ የተሰረዘ ግምት። እኛ ስንሰርዘው እነርሱ ቀድተውታል። ትምባሆው ከኛ ወሰደ፣ ድንቹ ከትምባሆው፣ ቲማቲሙ ከድንቹ፤ አሁን ደግሞ እኛ ከቲማቲሙ ልንወስድ! ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ አንዱም ብርድ ውስጥ ተክሎ አላየም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ምንም አላየሁም።

ኦግኒያን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ።

«አልቅሺ፣ ግድ የለም» አሉኝ። «ግን ስሚኝ። 'ብርድ' ብለን ብንጽፍ አንቺ ትመረቂያለሽ። ይኼን ዘረመል ግን ከእንግዲህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሥራው የታወቀን ነገር ማን ይፈልገዋል?»

«እና እኔስ?»

«ላንቺ እኔ አለሁልሽ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። እንደዚያች ቃል አንጀቴን ያራሰው የለም።

የዶክትሬት ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት፣ የዲፌንሱ ቀን መስከረም ነበር። ከየሰገነቱ የሚጠበሰው የቃሪያ ሽታ በመስኮት እየገባ ሆዳችንን ያስጮኸዋል። ቆሜ ተናገርኩ፤ የዚህ ዘረመል ሥራ አልታወቀም አልኩ። ባሌቭ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ «አራት ዓመት ሠርተሽ 'አላውቅም' ብለሽ ዶክተር ልትባዪ ነው?» ሲለኝ አዳራሹ ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቤ አንቱታውን ነሳሁት። እንዳይቆጡኝ፤ እዚህ ደብዳቤ ላይም አልሰጠውም።

እርስዎ የፊት ወንበር ላይ ሆነው በተናገርኩት ቃል ሁሉ ራስዎን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። ከጀርመን የመጡት ፈታኝ ደነገጡ። እኛ አዎ ስንል ራሳችንን እንደዚያ እንደምናወዛውዝ ማን ነግሯቸው! «ዶክተር፣ እርስዎ ከልጅቷ ጋር አይስማሙም?» ብለው ጠየቁዎት። ተነሡ።

«እንዴት አልስማማም! ይቺ ልጅ የት የት ፈልጋ እንዳጣች አንድ በአንድ አስቀምጣለች። እኔ 'አወቅሁ' የሚል ስሰርዝ ነው ያረጀሁት። የእርሷን መስመር ግን ሐሰት ነው ብሎ የሚሰርዘው የለም። ከሥሯ ስሜን ፈርሜያለሁ። ውሸት ከተገኘ ሁለታችንን ይጠይቁን።» ከዚያ ያንን ክብ ሰሌዳው ላይ ሳሉላቸው፤ ቃሪያ፣ ትምባሆ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ተመልሶ ቃሪያ። ሰውየው ተነሥተው ሰሌዳው አጠገብ ሄዱ። ክቡን በጣታቸው ተከተሉት። «እኔም ይኼንን የቲማቲም መደብ ጠቅሼ አንድ ጽሑፍ አሳትሜያለሁ» አሉና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አዳራሹ አሁን በእርሳቸው ሳቀ። እኔ አለፍኩ።

እኔ አለፍኩ፣ እርስዎ ተቀጡ። ባሌቭ በገምጋሚዎቹ ፊት የእርስዎን «አልታወቀም»ዎች አንሥቶ «ይኼ ሥራ ሳይሆን የስንፍና መጋዘን ነው» አለ። በጸደይ ላይ ዕድሜዎ ደርሷል ተባለ፤ ፈጣን ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ኮሪደር ላይ «ሌሊያ አላውቅም» የሚሉዎትን እየሰሙ እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር። በመጨረሻው ቀን ብርጭቆዎንና ሹራብዎን ብቻ ያዙ። ትሪውን አወረድኩልዎት። ቀና ብለው አዩትና «ተዪው ልጄ፣ ቦታው እዚያ ነው» አሉ። መልሼ ሰቀልኩት።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘሁዎት። ፊት ለፊትዎ መቀመጡን ምን ያህል እንደምወደው ልነግርዎት አስቤ ነበር። ብርጭቆዎን ይዤልዎት ቆምኩ። ከዚያ መንገዱን አየሁና «አውቶቡሱ መጣ» አልኩዎት። ያን ሁሉ ዓመት አብሬዎት ኖሬ የተናገርኩት ይኼንን ብቻ ነው። ሲሄዱ በመስኮት እጅዎን አውለበለቡልኝ፤ እኔ ዞር ብዬ እንዳላለቅስ ማስታወቂያ ሰሌዳ አነብ ነበር። የድሮ ፍሪጅ እንገዛለን ይላል።

አሁን ወደ ዝምተኛው ልመለስ። ባለፈው ክረምት ነስሊሃን የምትባል ተመራማሪ ከአዳና ጻፈችልኝ። እዚያ የገበሬው መሬት ጨው እየሆነ ቃሪያው ቆሞ እየደረቀ ነው አለች። «የታወቁትን ዘረመሎች ሁሉ ፈተሽኩ፣ አንዱም አልረዳኝም። ስለዚህ ያልታወቁትን ከፈትኩ። አብዛኞቹ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን የፈለጋቸውም ሰው አይታወቅም። ከአንዱ ሥር ግን ዳፊንካ የምትባል ሰው ብርድ፣ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ሻጋታ ተሞክሮ ምንም አልታየም ብላ ጽፋለች። ጨው አላለችም። ጨው ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?»

ጨው! ሌሊያ፣ ጨው አልሞከርንም እኮ! ማሪጻ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን፣ በዚያ በሚጣፍጥ ውሃ እያጠጣን፣ ጨው ማን ትዝ ይለዋል! ዘሩን በማግስቱ ላክሁላት። ያኔ ልነግርዎት ስልኩን አንሥቼ ተውኩት። ካልሆነስ? እንደገና ላሳዝንዎት? «ሳይታይ አይጻፍም» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ነስሊሃን ዘርታ፣ አብቅላ፣ ጨዋማ ውሃ አጠጥታ ጻፈች። ዘረመሉ ያለው ቆሟል፣ የሌለው ወድቋል። አላመንኩም፤ እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነኛ። በዚህ በጋ እኔም እዚሁ ግሪንሃውሳችን ውስጥ ሞከርኩት። በመጀመሪያ ምንም የለም። ቀናት አለፉ፣ ያው መንታዎቼ ናቸው። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ያልተነኩት ቅጠላቸው ወደ ላይ፣ ዘረመሉ የጠፋባቸው ደግሞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ተደፍተዋል። አንዱም አልቀረ። ጽሑፋቸውን ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም። ሥሩ ጨውን እንዳያስገባ በር የሚዘጋው እርሱ ነበር! ያን ሁሉ ዘመን ዝም ያለው በሩን የሚያንኳኳ ስላልመጣ ነው። እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ኦግኒያን ገብቶ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ተናገረ!» አልኩት። «ዝምተኛው ተናገረ!»

ያ ግዙፍ ሰውዬ አጠገቤ ጭቃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እንዳትነግሪብኝ ብሎኛል፤ ነገርኩዎት።

ነስሊሃንን አንድ ነገር ጠየቅኋት። ዘረመሉ «ብርድን የሚቋቋም» ተብሎ ቢሆን ኖሮስ? «ሳላየው ነበር የማልፈው» አለችኝ። አሁን የእኛን ቃሪያ ከአገሯ ቃሪያ ጋር እያዳቀለች ነው። ገና ነው፣ ብዙ ይቀራል፤ ግን አንድ ጨዋማ ማሳ ላይ የቆሙ ችግኞች ፎቶ ላከችልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልዎት፤ ከኋላ ባርኔጣ ያደረጉት ሰውዬ የማሳው ባለቤት ናቸው። ሲስቁ ይዩዋቸው። ይኼ ሳቅ የእርስዎ ነው ሌሊያ። ለእኔ ሲሉ ብቻ ቢሆን «ብርድ» ብለው ይጽፉልኝ ነበር፤ ለእኚህ ለማያውቋቸው ሰውዬም አስበው እንቢ አሉ።

ዛሬ ጠዋት መደቡን ልቀይር ተቀመጥኩ። ከተባረሩበት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔን አልነገርኩዎትም መሰለኝ፤ ፈጣን የተባለው ሰውዬ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። «አልታወቀም» የሚለውን አጥፍቼ «ጨውን የሚከላከል፤ በሙከራ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፤ የዳፊንካ ፊርማ ይሰረዛል፣ እርግጠኛ ነሽ? ቁልፉን ሳልጫን እጄን ሰበሰብኩ። ከኋላዬ ቆሞ የነበረው ኦግኒያን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ፣ ይኼ የእርሳቸው መደብ አይደል?»

«ነው።»

«አሁን ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«ጓዶች!» ብሎ ጮኸ። «ሌሊያ ዳፊንካ ባኒጻ አለባቸው! አርብ መንደራቸው ድረስ እንሄዳለን!»

ቢሮው በአንድ እግሩ ቆመ። አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ትሪውን አወረደች፣ ሌላው በሸሚዙ እጅጌ አቧራውን ይጠርጋል። ጩኸቱን ሰምቶ ባሌቭ በሩ ላይ መጣ። እርሱም ዘንድሮ ጡረታ ወጪ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ነገርኩት። ፎቶውን አሳየሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ከዚያ «ያኔ እኔ ባልኩት ቢጻፍ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም። ሊወጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ዞር አለ። «እኔም ብመጣ ትቀበለኛለች? ዱቄቱን እኔ እይዛለሁ በያት።»

«እሳቸውን ሳልጠይቅ አልችልም፣ ፕሮፌሰር» አልኳቸው። አዎ፣ አንቱታቸውን መለስኩላቸው። ይምጡ አይምጡ ግን የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ካልፈለጉ «አላውቅም» ብለው ይመልሱልኝ፣ ይገባቸዋል።

እናቴም እመጣለሁ ብላለች። ዝምተኛው ምን እንደሚሠራ በመጨረሻ ነገርኳት። «እሰይ!» አለች። «ታዲያ እንግዲህ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

እንግዲህ አርብ መምጣታችን ነው። ትሪዎን ይዤልዎት እመጣለሁ። አይቡ ከእርስዎ ፍየሎች፣ ቅቤው እንደተባለው። ያንን ቁልፍ ገና አልተጫንኩትም፤ ኮምፒውተሩን ወጥ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ፣ እጅዎን ከሊጡ ጠራርገው ራስዎ ይሰርዙታል። እስከ አርብ ድረስ ስምዎ እዚያው ቦታው ላይ አለ።

በሩን እንዲከፍቱልኝ ሳንኳኳ የምለውን ከአሁኑ ልንገርዎት። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያልኩዎትን ነው ደግሜ የምለው፤ «አውቶቡሱ መጣ» እልዎታለሁ። ያኔም ምን ማለቴ እንደነበር አሁን ይገባዎታል።

«አላውቅም»ን አፏን ሞልታ መናገር ያስተማሯት፣
ልጅዎ ራሊጻ